ከካሜራው የሚቀድም ሙያ፦ የሌሊት ሰማይ ፎቶዎችን የመደረብ ታሪክ

የሌሊት ሰማይን ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚሰማው ምክር አለ፦ በአንድ ፎቶ አትርካ፤ ያንኑ የሰማይ ክፍል ሃያ፣ ሠላሳ፣ ቢቻል መቶ ጊዜ አንሳና ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ደርባቸው። ምክሩ ከችግር የመነጨ ነው። ካሜራውን በትራይፖድ ላይ ያቆመ ጀማሪ ሹተሩን ከጥቂት ሰከንዶች በላይ ከፍቶ ማቆየት አይችልም፤ መሬት ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብነታቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። በጥቂት ሰከንዶች የሚሰበሰበው ብርሃን ደግሞ ትንሽ ስለሆነ የጨለማው ክፍል ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ በሚሉት የተበታተነ ነጠብጣብ ይወረራል፤ ፍኖተ ሐሊብም ከዚያ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ሠላሳ ደካማ ፎቶዎች በከዋክብቱ አቀማመጥ ልክ ተገጣጥመው አማካያቸው ሲወሰድ ነጠብጣቡ ይረግባል፤ ተሸፍኖ የነበረው ስስ ብርሃንም ይወጣል። ውጤቱን የሚያይ ሰው አሠራሩን የኮምፒውተር ዘመን ያመጣው ብልሃት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ከፎቶግራፍነት ያስወጣዋል። ታሪኩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ደካማ ምልከታዎችን አንድ ላይ አምጥቶ ከመካከላቸው እውነተኛውን ማጣራት፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ፎቶግራፍ ለሕዝብ ከመታወቁ ከ80 ዓመት በላይ ቀድመው ተከራክረው ያጸደቁት ሙያ ነው። ማብራሪያ የሚሻው፣ በመካከሉ ገብቶ መቶ ዓመት ያህል የቆየው በአንድ ረጅም ፎቶ ላይ የመተማመን ልማድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በምስል ሳይሆን በቁጥር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ የአንድን ኮከብ ቦታ ደጋግሞ እየለካ ልኬቶቹን ያስታርቅ ነበር። ይሁን እንጂ ልማዱ በሁሉም ዘንድ አልጸናም። ሊዮናርድ ኦይለር በ1749 በታተመው የጁፒተርና የሳተርን ጥናቱ ከ1582 እስከ 1745 የተጠራቀሙ 75 ምልከታዎች በእጁ ነበሩ። በዘመኑ በሒሳብ የሚስተካከለው ማግኘት ቢያስቸግርም ምልከታዎቹን ማዋሃድ ግን ፈራ፤ ስህተት ያለባቸው ልኬቶች ሲደመሩ ስህተታቸውም አብሮ የሚበዛ መሰለው። በዚያው ጊዜ በኑረምበርግ የካርታ ሠሪው ቶቢያስ ማየር ጨረቃን ይከታተል ነበር። ጨረቃ ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ብታሳየንም በትንሹ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ማየር ይህን ውዝዋዜ ለማስላት ማኒሊየስ የተባለውን የጨረቃ ጉድጓድ ቦታ 27 ጊዜ ለካ። የሚፈልጋቸው ያልታወቁ መጠኖች ሦስት ስለነበሩ በሒሳቡ ሕግ ሦስት ምልከታ ይበቃው ነበር። እሱ ግን 27ቱን በዘጠኝ በዘጠኝ ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ደመረና ሦስት እኩልታዎች አወጣባቸው፤ ሥራውም በ1750 ታተመ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት የችሎታ አይመስለኝም። ኦይለር ሌሎች በተለያየ ዘመንና መሣሪያ የለኩትን የተረከበ ሰው ነው፤ ማየር ግን በራሱ ዓይንና በራሱ መሣሪያ ለክቷል። ስህተቱ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሌላ ጊዜ ወደ ቀኝ እንደሚያደላ፣ ስለዚህም ሲደመር እርስ በርሱ እንደሚጣፋ ከሥራው ያውቃል።

ክርክሩ ፊት ለፊት የወጣው በ1755 ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሲምፕሰን ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ስማቸው የተከበረ አንዳንድ ሰዎች በጥንቃቄ የተደረገ አንድ ምልከታ ከብዙ ምልከታዎች አማካይ እኩል ይታመናል እያሉ እንደሚከራከሩ ጠቅሶ፣ ይህ ልክ አለመሆኑን በሒሳብ ለማሳየት ተነሣ። የአገራችን ሰው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ለረዳት ነው፤ ሲምፕሰን ያንኑ ሐሳብ ለልኬት አረጋገጠ። መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ግን ገና አልጠራም ነበር። ማየር ራሱ ዘጠኝ እጥፍ ምልከታ በመጠቀሙ ውጤቱ ዘጠኝ እጥፍ የሚታመን መስሎት ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ሦስት እጥፍ ነው። ለዢንድር በ1805፣ ጋውስም በ1809 ባሳተሟቸው ሥራዎች የስህተት ሒሳብ ሥርዓት ሲይዝ የዘፈቀደ ስህተት የሚቀንሰው በምልከታው ብዛት ሳይሆን በብዛቱ ስኩዌር ሩት ልክ መሆኑ የሁሉም ዕውቀት ሆነ። የዛሬው ጀማሪ የሚገዛበት ሕግ ይኸው ነው፦ 4 ፎቶ ኖይዙን በግማሽ፣ 16 ፎቶ በሩብ፣ 100 ፎቶ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ከአንድ ፎቶ ወደ አሥር የሚደረገው እርምጃ ዓይን የሚሞላ ለውጥ የሚያመጣው፣ ከመቶ ወደ መቶ አሥር የሚደረገው ግን የማይታወቀው ለዚህ ነው።

አማካይ ግን ሁሉን አይፈውስም፤ ይህንንም የሥነ ፈለክ ሰዎች በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። በ1796 የግሪንዊች ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ የነበረው ኔቪል ማስከላይን ረዳቱን ዴቪድ ኪኔብሩክን ከሥራ አሰናበተው። ጥፋቱ ኮከብ በቴሌስኮፑ ሽቦ ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበት ሲመዘግብ ከአለቃው ጋር ያለው ልዩነት ወደ 0.8 ሰከንድ መድረሱ ነበር። ከዓመታት በኋላ የኮኒግስበርጉ ፍሪድሪክ ቤሰል ጉዳዩን አንስቶ ሲመረምር፣ ማንኛውም ተመልካች የራሱ የሆነ ቋሚ መዘግየት ወይም መቅደም እንዳለው አገኘ። የአንድን ሰው ሺህ ምልከታ ቢደምሩ ይህ ስህተት አይጠፋም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ እንዲያውም ይበልጥ ይጸናል። መድኃኒቱ ለብቻው ለክቶ መቀነስ ነው። ዛሬ ጀማሪዎች እንደ አሰልቺ ትእዛዝ የሚያዩት ሥራ ከዚህ ግኝት ጋር አንድ ሥር አለው። የሌንሱን ክዳን ዘግቶ በዚያው የሹተር ጊዜ ጥቂት ጨለማ ፎቶዎችን ማንሳት የሴንሰሩን የሙቀት ምልክትና ያለቦታቸው የሚበሩ ነጥቦችን ለብቻ መለካት ነው፤ ወጥ ብርሃን ያለበትን ነጭ ነገር ማንሳትም የሌንሱን ጠርዝ መጨለምና የአቧራውን ጥላ ለብቻ መለካት ነው። እነዚህን ሳያስተካክል መቶ ፎቶ የሚደርብ ሰው የካሜራውን ነውር በመቶ ምስክር አስረግጦ ያጸናዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት በእጃቸው ሳለ የመጀመሪያዎቹ የሰማይ ፎቶ አንሺዎች ለምን አልደረቡም? በሐርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ዊልያም ቦንድና ጆን አዳምስ ዊፕል በ1850 ቬጋ የተባለውን ኮከብ ዳጌሮታይፕ በተባለው የፎቶ ዘዴ ሲያነሱ፣ ሄንሪ ድሬፐር በሴፕቴምበር 1880 የኦሪዮንን ኔቡላ በ51 ደቂቃ ኤክስፖዠር ሲይዝ፣ አይዛክ ሮበርትስ በ1888 የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ጥምዝ ክንፎች ለዓለም ሲያሳይ ሁሉም ጥረታቸውን በአንድ ሳህን (የፎቶ ፕሌት) ላይ አከማችተዋል። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ከመምሪያው ቴሌስኮፕ ሳይነቅሉ በብርድ ለሰዓታት ቆመው ካሜራውን ይመሩ ነበር። ቬስቶ ስላይፈር በ1912 ማብቂያ የአንድሮሜዳን ስፔክትረም የያዘበት አንዱ ፕሌት ከዲሴምበር 29 እስከ 31 ብርሃን ሲሰበስብ ቆይቷል። ምክንያቱ ቸልተኝነት አልነበረም፤ ኬሚስትሪው አይፈቅድም። በፕሌቱ ላይ ያለው የብር ቅንጣት በአጭር ጊዜ ውስጥ በቂ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ካልደረሰው ምልክቱን አይዝም፤ የጀመረውንም ይረሳል። ካርል ሽቫርትሽልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝጊያ በቪየና ለክቶ እንዳሳየው ደካማ ብርሃን በፕሌት ላይ የሚተወው ምልክት ከኤክስፖዠሩ ርዝመት ጋር እኩል አያድግም። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ፕሌት ስሱን ኔቡላ ፈጽሞ ካልመዘገበው ስድሳ እንዲህ ያሉ ፕሌቶች ቢደረቡ የሚገኘው ስድሳ ባዶ ነው። መቶ ዓመት የቆየው የረጅሙ ፎቶ ልማድ እንግዲህ የተሻለ ዘዴ ተገኝቶ ሳይሆን በብር ጨው ባሕርይ የተጫነ ግዴታ ነበር።

በዚያ ዘመን ውስጥም ቢሆን የቀድሞው ሙያ ጨርሶ አልሞተም። በ1887 በፓሪስ አድሚራል ሙሼ የጠሩት ጉባኤ መላውን ሰማይ በፎቶ ካርታ ለማዘጋጀት ሲወስን፣ ለካርታው በሚነሱት ሳህኖች ላይ እያንዳንዱ ኮከብ ሦስት ጊዜ፣ ሳህኑ በየጊዜው ጥቂት እየተገፋ፣ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ እንዲነሳ ተደረገ። ሦስት ነጥብ ያለው ኮከብ ነው፤ አንድ ብቻ ያለው አቧራ ወይም የሳህኑ እንከን ነው። ካርታው ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጎትቶ ሳያልቅ ቢቀርም ሐሳቡ ግን ዛሬ ፎቶ አንሺዎች በየፎቶው መካከል ካሜራውን በጥቂቱ ሲያንቀሳቅሱ ከሚያደርጉት ጋር ተመሳሳይ ነው። ኋላም በአውስትራሊያ በኬሚስትነት ሙያው ወደ ሥነ ፈለክ የገባው ዴቪድ ማሊን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከፕሌቶች ላይ ስስ ምልክቶችን ነቅሶ ማውጣትን፣ የአንድን ሰማይ በርካታ ፕሌቶች በአንድ ወረቀት ላይ አደራርቦ ማተምን ተካነበት። በዚህ ጥበቡ በስፋቱ ግዙፍ፣ በድምቀቱ ግን እጅግ ደካማ የሆነ ጋላክሲ አገኘ፤ በ1987 በታተመ ጥናት የቀረበው ይህ ጋላክሲ ማሊን 1 ተብሎ በስሙ ይጠራል። ኮምፒውተር ሳይኖር መደረብ እንደሚቻል የሚጠራጠር ሰው ካለ የማሊን ሥራ ይበቃዋል።

የረጅሙን ፎቶ ግዴታ ያነሳው በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የፈጠሩት፣ በ2009 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሲሲዲ የተባለ የብርሃን ሴንሰር ነው። ሲሊከን ደካማን ብርሃን አይረሳም፤ ፕሌት ከመቶ ፎቶን አንዱን ገደማ ሲይዝ ጥሩ ሲሲዲ ከመቶ 80 በላይ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የያዘውን በቁጥር ይሰጣል። ምስሉ እንደገና ልኬት ሆነ፤ ልኬት ከሆነ ደግሞ ማየርና ጋውስ የሠሩለት ሒሳብ ሁሉ ይሠራበታል። ይህ በዓለም ፊት የተገለጠው በዲሴምበር 1995 ነው። የሀብል ቴሌስኮፕን የሚመራው ተቋም ኃላፊ ሮበርት ዊልያምስ ለእርሱ ውሳኔ የተተወውን የመመልከቻ ጊዜ ወስዶ፣ በትልቁ ድብ ህብረ ከዋክብት ውስጥ ባዶ በሚመስል ቁራጭ ሰማይ ላይ ቴሌስኮፑን ለአሥር ቀናት አነጣጠረ። ብዙ ነገር አይገኝም ብለው ያስጠነቀቁ ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ። ሲያበቃ የተገኘው 342 ኤክስፖዠር ነው፤ ተደርቦም ወደ 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎችን አሳየ። አንድሩ ፍሩክተርና ሪቻርድ ሁክ ለዚያ ሥራ ያዘጋጁት፣ በጥቂቱ የተዛነፉ ፎቶዎችን ደርቦ ከፒክስሉ የጠበበ ዝርዝር የሚያወጣው ድሪዝል የተባለ ስሌት ዛሬ ማንም ያለ ክፍያ በሚያወርዳቸው የመደረቢያ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። ጀማሪው በላፕቶፑ የሚጫነው ቁልፍ ከሀብል ጋር አንድ የዘር ሐረግ አለው ማለት ማጋነን አይደለም።

መደረብ ወደ ግለሰቦች ቤት የገባበት መንገድም ከዚሁ ሒሳብ ይነሳል። አሜሪካዊው ዴቪድ ፍሪድ በ1978 ባሳተመው ጥናት፣ እጅግ አጫጭር ፎቶዎች በብዛት ቢነሱ ጥቂቶቹ አየሩ በአጋጣሚ ጸጥ ባለበት ቅጽበት ላይ እንደሚወድቁ በዕድል ስሌት አሳይቶ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ ዌብካም ሲመጣ አማተሮች በቴሌስኮፕ ጫፍ አስረው የጁፒተርን ሺህ ፎቶዎች በደቂቃዎች ማንሳት ቻሉ፤ ኔዘርላንዳዊው ኮር ቤረቮትስ ያዘጋጀው ሬጂስታክስ የተባለ ፕሮግራም ጥሩ ጥሩውን መርጦ ይደርብላቸው ነበር። ዲፕ ስካይ ስታከርን የመሳሰሉት ደግሞ ያንኑ ለኔቡላና ለጋላክሲ አደረጉት።

አሁን በመደረብ ላይ ወደሚነሱት ክሶች እንምጣ። የመጀመሪያው፣ የተደረበ ምስል ማንም በአንድ ቅጽበት ያላየው ስለሆነ ፎቶ ሳይሆን ፈጠራ ነው የሚል ነው። ክሱ ክብደት የሚያገኘው ፎቶን መደረብ አንድ ጊዜ በእርግጥ ለሐሰት ስላገለገለ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን በ1870ዎቹ መጨረሻ የብዙ ወንጀለኞችን ፊት በአንድ ሳህን ላይ እየደረበ የወንጀለኛን ዓይነተኛ መልክ ለማውጣት ሞክሯል። የወጣው ፊት ምንም ክፋት የማይታይበት ተራ የሰው ፊት እንደነበረ ራሱም ታዝቧል። ስህተቱ በመደረቡ ላይ አይደለም፤ አንድ ያልሆኑ ነገሮችን እንደ አንድ መደረቡ ላይ ነው። የሠላሳ ሰዎች አማካይ ፊት ባለቤት የለውም። የኦሪዮን ኔቡላ ሠላሳ ፎቶ ግን የአንዲት ኔቡላ ሠላሳ ምስክርነት ነው፤ አማካዩም ባለቤት አለው። ከዚህ ውጭ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ አንዳንድ ስልኮች የደበዘዘችን ጨረቃ ሲያዩ ቀድሞ ከተማሩት የጨረቃ ምስል ዝርዝር ይጨምሩባታል። መደረብ ወደ ሌንሱ ካልገባ ብርሃን አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ሁለቱን በአንድ ስም «የተቀነባበረ» ብሎ መጥራት ለጀማሪው ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ስለሆነ የበለጠ ይከብዳል፦ የአንድ ሰዓት አንድ ፎቶና የአንድ ደቂቃ ስድሳ ፎቶ የሚሰበስቡት ብርሃን እኩል ከሆነ መድከም ለምን? እውነት አላቸው፤ እንዲያውም ሴንሰሩ በተነበበ ቁጥር ጥቂት ኖይዝ ስለሚጨምር በወረቀት ላይ ረጅሙ ፎቶ በጥቂቱ ይበልጣል። ነገር ግን በረጅሙ ፎቶ አንድ የንፋስ ግፊት፣ አንድ አውሮፕላን ወይም ሳተላይት ሰዓቱን ሙሉ ያበላሸዋል፤ በስድሳው መካከል ግን አንዱ ፎቶ ብቻ ከሌሎቹ የሚለይ ነጥብ ሲያሳይ ፕሮግራሙ ያንን ነጥብ ጥሎ የቀረውን ይወስዳል። ከዚህም ሌላ ሰማዩ አለ። በአዲስ አበባ አናት ላይ ባለው እንጦጦ የተተከሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ጎረቤታቸው የከተማው መብራት ነው፤ በከተማው ሰገነት ላይ የቆመ ጀማሪም ያው ነው። ደማቅ ሰማይ ረጅሙን ፎቶ ነጭ አድርጎ ሲያጥበው አጫጭሮቹ ግን ይተርፋሉ። የከተማው ብርሃን አማካይ መጠን ሊቀነስ ይችላል፤ ያመጣው ኖይዝ ግን ይቀራል። ሰማዩ አሥር እጥፍ ሲደምቅ ለእኩል ውጤት አሥር እጥፍ ጊዜ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በሸዋ ወይም በወሎ ገጠር ጨለማ ሰማይ ያለው ሰው በአሥር ደቂቃ የሚያገኘውን የከተማው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይለቅመዋል፤ በርካሽ ካሜራ ለሚጀምር ኢትዮጵያዊ ከመሣሪያ ይልቅ ከከተማ መውጫ አውቶቡስ የሚጠቅመው በዚህ ስሌት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነው፦ አማካይ የተለየውን ያጠፋል። ክላይድ ቶምባው በ1930 ፕሉቶን ያገኘው በጃንዋሪ 23 እና 29 የተነሱትን ሁለት ፕሌቶች እያፈራረቀ በመመልከት፣ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ የቀየረችውን ነጥብ በመለየት ነው። ሄንሪየታ ሌቪት ለአጽናፈ ዓለም የርቀት ልኬት መሠረት የሆኑትን ተለዋዋጭ ከዋክብት ያገኘችው የሐርቫርድን ፕሌቶች አንዱን ከሌላው በማነጻጸር ነው። እነዚያ ፕሌቶች ተደርበው አማካያቸው ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ፕሉቶ እንደ እንከን ይጣል፣ የሌቪት ከዋክብትም ድምቀታቸው የማይለወጥ መስለው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ደርቦ ጥሬዎቹን ፎቶዎች የሚደመስስ ሰው ማስረጃ እያጠፋ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ቢሞላም መቀመጥ አለባቸው። ግን ተቃውሞው መደረብን ራሱን አያፈርሰውም፤ ምን ላይ ገጥመህ ደረብክ የሚለውን ጥያቄ ያነሳል እንጂ። ኤድዋርድ አሽተንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ባለ ቴሌስኮፕ የተነሱትን የሳተርን አካባቢ ፎቶዎች በከዋክብቱ ልክ ሳይሆን ጨረቃ ብትኖር በምትጓዝበት ፍጥነትና አቅጣጫ እያንሸራተቱ ደረቧቸው። ከዋክብቱ ጭረት ሆኑ፤ በአንድ ፎቶ ፈጽሞ የማይታዩት ጨረቃዎች ግን ነጥብ ሆነው ወጡ። በ2023 የታወጁት 62 ነበሩ፤ በማርች 2025 ደግሞ 128 ተጨምረው የሳተርን ጨረቃዎች ቁጥር 274 ደረሰ። ተንቀሳቃሹን ያጠፋል የተባለው ዘዴ ተንቀሳቃሹን ለማደን ዋና መሣሪያ ሆነ።

የአማተሮችስ ድርሻ የተዋበ ፎቶ ብቻ ነው? አይዛክ ሮበርትስ በ1888 ያነሳው አንድሮሜዳ ከዚያ ወዲህ ከኦብዘርቫቶሪ እስከ ቤት ጓሮ ባሉ ካሜራዎች ያለማቋረጥ ሲነሳ የኖረ ጋላክሲ ነው፤ አዲስ ነገር ይገኝበታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ፈረንሳዊው ያን ሴንቲ፣ ከማርሴል ድረክስለርና ከዛቪየር ስትሮትነር ጋር ሆኖ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ከ100 ሰዓት በላይ የሰበሰባቸውን ፎቶዎች፣ የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ የተነሱትን ጨምሮ፣ ደርቦ ሲመለከት ከጋላክሲው ጎን የተዘረጋ ሰፊ ሰማያዊ ቅስት አገኘ። ሌሎች አማተሮች በሌላ ቦታ፣ በሌላ መሣሪያ ደግመው አረጋገጡት፤ ከባለሙያዎች ጋር ያዘጋጁት ጽሑፍም በጃንዋሪ 2023 ታተመ። የብዙ ኦብዘርቫቶሪዎች ትላልቅ መሣሪያዎች ይህን ያላዩት አቅም አንሷቸው አይደለም፤ ለአንድ ስስ ብርሃን ያን ያህል ሰዓት የሚሰጥ የጊዜ ሰሌዳ ስለሌላቸው ነው። ቅስቱ በእርግጥ ከአንድሮሜዳ አጠገብ ነው ወይስ በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ሆኖ በመስመሩ ላይ የተገኘ የሚለውን ባለሙያዎቹ ከዚያ ወዲህም ሲከራከሩበት ቆይተዋል።